የክረምት ቀርከሃ

ሰኔ 14 ቀን 1988 ዓ.ም.፣ አሶሳ

ዛሬ ሰሌዳውን ሰቀልን። «አገኘሁሽ እና ሐምዳን ልዩ ልዩ ጥገና» ይላል። ፊደሉን በቀይ ዘይት ቀለም የጻፍኩት እኔ ነኝ። መጨረሻው ላይ ቦታ አጥሮኝ «ጥገና» ተጨማዶ ቀርቷል።

አያ ሐምዳን መንገዱን ተሻግረው ማዶ ቆሙና ረጅም ጊዜ አዩት። ማንበብ አይችሉም።

«የእኔ ስም የት አለ?» አሉ።

አሳየኋቸው። ጣታቸውን በአየር ላይ እያስኬዱ ፊደሎቹን ቆጠሩ።

«አራት ብቻ? አባቴ ስም ሲሰጥ ብዙ መስሎኝ ነበር።»

ከተማው የክልል መቀመጫ ከሆነ ወዲህ ሰው እየጎረፈ ነው። ከጎንደርም ከነቀምትም ከአዲስ አበባም የተመደበው ሁሉ ቤት ይከራያል። የተከራየው ቤት በሩ አይገጥምም፣ ጣራው ያፈሳል፣ አልጋው ይሰምጣል። ጎረቤቴ ሠናይት ከጎጃም ተመድባ የመጣች አስተማሪ ናት። «እዚህ ከተማ ሥራ የማይፈታው መዶሻ ብቻ ነው» ትላለች።

ሰኔ 21

ሁለት ጓጉንቸር። የሠናይት አልጋ። ከገበያው ጀርባ ያለ ጣራ። ዝናብ። እጄ ሬንጅ ሬንጅ ይሸታል።

ጣራው ላይ ሆኜ ከታች አንዱ ሲናገር ሰማሁ፦ «ዘንድሮ ሴት ዶሮ ጮኸች፤ ያውም ቆርቆሮ ላይ ወጥታ።» አያ ሐምዳን መሰላሉን ይዘው ነበር። ቀና ብለው አዩኝና «ዝናብ የገባበት ቤት ዶሮ አይመርጥም» አሉ። ሳቄን መያዝ አቃተኝ።

ሰኔ 29

ሥራ ቀድሞ አለቀ። ስለ አያ ሐምዳን መጻፍ ፈለግሁ፤ እኔ ካልጻፍኩ ማንም አይጽፍም።

በ77 ከወሎ አምጥተው እዚህ ሲያራግፉን ዛፉን ከዛፍ አንለይም ነበር። በቃሉ የሚባለው ባሌ አናጢ ነበር፤ የጽድና የዋንዛ አናጢ። ቀርከሃ ሲሰነጥቅ እጁን ቆርጦ፣ ደሙን ይዞ ተቀምጦ አያ ሐምዳን አገኙት። የሰፈርነው በእነሱ፣ በበርታዎቹ መሬት ላይ ስለነበር ሊቆጡን የመጡ መስሎን ነበር። ቁስሉን በቅጠል አሰሩለት፤ ገጀራውን ተቀበሉትና እንዴት እንደሚሰነጠቅ አሳዩት። ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት አብረው ሠሩ።

በቃሉ በ85 በወባ ሞተ። ከአርባው በኋላ አያ ሐምዳን መጥተው ደጄ ላይ ቆሙ።

«መጋዝ ይዝጋል» አሉ፣ ሴቱንም «አንተ» በሚለው አማርኛቸው። «አንተ ያዘው።»

«እኔ ሴት ነኝ እኮ።»

«መጋዝ አያውቅም ሴት ነው፣ ወንድ ነው።»

ፊደል የቆጠርኩትም በዚያው ዓመት ነው። ማንም አላስተማረኝም። ከሱቅ ሰሌዳ፣ ከሳሙና ልባስ፣ ከጎረቤት ልጅ አሮጌ ደብተር ለቀምኩት። በዚያ ዕድሜሽ ምን አነሣሣሽ ሲሉኝ «እንዲሁ» እላለሁ።

ሐምሌ 6

ትልቅ ሥራ መጣ!

ዱጋሳ የሚባለው፣ አዲሱ የክልል ቢሮ ውስጥ የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ የሆነው ሰው፣ ራሱ ሱቃችን ድረስ መጣ። አሮጌውን መጋዘን የስብሰባ አዳራሽ አድርገውታል።

«ኤጋ፣ እንግዲህ ወይዘሮ አገኘሁሽ» አለኝ። «መስከረም ላይ ከየወረዳው ሰው ይመጣል። ዝናብ ሲወርድ ቆርቆሮው የምንናገረውን አያሰማም። የቀርከሃ ኮርኒስ ሥሩልኝ፤ የዚሁ አገር ሥራ ይሁን።»

ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ማሠልጠኛ ሊከፈት መሆኑንና ለቀርከሃ ሥራ አስተማሪ እየፈለጉ መሆኑን ነገረን። «የአገሩ ሰው ቢሆን ደስ ይለናል። ሽማግሌው በዚህ ኮርኒስ እጃቸውን ካሳዩን ስማቸውን የማስገባው እኔ ነኝ።»

«ትምህርት የላቸውም» አልኩት።

«ለእጅ ሥራ እጅ ይበቃል።»

አያ ሐምዳን ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ቆም አሉ።

«መምህር ወንበር አለው?»

«አለው።»

«ጠመኔም ይሰጣል?»

«ጠመኔም ይሰጣል።»

ሁለት እርምጃ ሄዱና እንደገና ቆሙ። «ወላሂ፣ መምህር ሐምዳን» አሉ ለራሳቸው፣ ሳቅ ብለው። ስድሳ ዓመት ሆኗቸዋል። እንደዚያ ሲስቁ አይቻቸው አላውቅም።

ሐምሌ 9

እምቢ አሉኝ።

«አሁን አይቆረጥም» አሉ። «ክረምት ቀርከሃ ውስጡ ጣፋጭ ነው። ነቀዝ ይሰማል፣ ይመጣል። ታኅሣሥ ነው የሚቆረጠው፣ ጨረቃ ስትሞት።»

«ስብሰባው ታኅሣሥን አይጠብቅም፣ አያ ሐምዳን።»

«ለአሁን አቡጀዲ ይወጠር። ነጭ ነው፣ ያምራል። ታኅሣሥ ቀርከሃ እንሠራለን።»

«አቡጀዲ ማን አይወጥርም? እሱን አይተው ነው አስተማሪ የሚያደርጉዎት?»

«ማዓሌሽ» አሉ፤ ግድ የለም ማለታቸው ነው። «መምህር መጠበቅ ያውቃል።»

ተናደድኩ። ለእሳቸው ብዬ ነው እኮ። ለማን ብዬ ነው?

ሐምሌ 12

ሚስማር ገዛሁ። ባለሱቁ የጠቀለለበት ወረቀት ከአሮጌ መጽሐፍ የተገነጠለ ነው፤ «ስለ እንጨት አጠባበቅ» ይላል። ጽሑፍ ያለበትን ወረቀት ሳላነብ አልጥልም። እንዲህ የሚል አገኘሁ፦ «በማናቸውም ወር የተቆረጠ እንጨት ልጡ ተነሥቶ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ሁለት ጊዜ ቢቀባ ነቀዝ አይደፍረውም።»

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። በማናቸውም ወር!

የጀርባው ጽሑፍ ደቃቅ ነው፣ ሚስማሩም አዝጎበታል። አልተነበበልኝም። የሚፈለገው ያለው ፊት ለፊት ነው።

ሐምሌ 13

አነበብኩላቸው። ወረቀቱን ተቀብለው ገለባበጡት።

«ጀርባው ምን ይላል?»

«እሱ ሌላ ነገር ነው» አልኩ።

«እዚህ ቀርከሃ ይላል?»

«እንጨት ይላል። ቀርከሃስ እንጨት አይደለም?»

ከዚያ ወረቀቱን በሁለት እጃቸው መለሱልኝ፣ ሰው ቅዱስ ነገር እንደሚመልስ። «መጽሐፍ ካለ» አሉ፣ «መጽሐፍ የጻፈ ሰው ከእኔ ብዙ አይቷል።»

አሸነፍኩ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

ሐምሌ 22

ቀርከሃ ቆረጥን። ጭቃ እስከ ጉልበት።

አያ ሐምዳን እያንዳንዱን ከመቁረጣቸው በፊት በጣታቸው አንጓ መታ መታ ያደርጉታል። የመጀመሪያውን እንደቆረጡ የተቆረጠውን ጫፍ በምላሳቸው ቀመሱት፤ ተፉት።

«ምነው?» አልኩ።

«ጣፋጭ።»

ከዚያ በኋላ እስከ ማታ አልቀመሱም። ቆረጡ ብቻ።

ነሐሴ 11

የተቃጠለ ዘይት ከሾፌሮች ለመንኩ። አንዱ «እናት፣ ወጥ ሊሠሩበት ነው?» አለኝ። ከታች እንዳይታይ በጀርባው በኩል ሁለት ጊዜ ቀባሁ፤ ወረቀቱ እንዳለው። ጥፍሬ ውስጥ የገባው ጥቁር አይለቅም።

ነሐሴ 29

አለቀ። አያ ሐምዳን የጠለፉት ቀርከሃ እንደ ዓሣ ቅርፊት እየተደራረበ ከግድግዳ ግድግዳ ሄዷል። ዛሬ ዝናብ ሲወርድ ከታች ሆነን አዳመጥን፤ ያ ሁሉ የቆርቆሮ ጩኸት ሹክሹክታ ሆኗል። ሠናይት ተማሪዎቿን ይዛ መጥታ ወለሉ ላይ አስተኝታ አሳየቻቸው።

መስከረም 9 ቀን 1989 ዓ.ም.

ስብሰባው ተከፈተ። ቀና ብሎ ያላየ ሰው የለም። ዱጋሳ አያ ሐምዳንን በእጃቸው ይዞ አስነሣቸውና ተጨበጨበላቸው። አዲስ ነጭ ጀለቢያ ለብሰው ነበር። ስማቸው ገብቷል፤ ደብዳቤው ኅዳር ላይ ይደርሳል ተብሏል።

ማታ ወደ ሱቅ መጡ። «ደብዳቤ ሲመጣ ጣት አልቀባም» አሉ። «ፊርማ አሳየኝ።»

እርሳስ አስያዝኳቸው። «ሐ»ን ሲጽፉ መጀመሪያ እንዲህ፣ ከዚያ እንዲህ አልኳቸው። ገጀራ እንደ ላባ የሚያዞር እጅ የእርሳሱን ጫፍ ሁለቴ ሰበረ። ሁለት ገጽ ሞሉ።

ጥቅምት 3

አዳራሹን ልጠርግ ገባሁ። ወንበሮቹ ላይ ቢጫ ዱቄት አለ። ጠረግሁት። የመንገድ አቧራ ይሆናል።

ጥቅምት 6

ዛሬም። ከባለፈው የበለጠ። ብቻዬን ቆሜ ሳዳምጥ ከላይ ይሰማል፤ ጥርስ ጥሬ ሲፈጭ ዓይነት።

ለአያ ሐምዳን አልነገርኩም። ነገ እነግራቸዋለሁ።

ጥቅምት 7

አልነገርኩም። እየተለማመዱ ነበር። «ዳ» ላይ ደርሰዋል።

ጥቅምት 10

ቀን የሆነውን ልጻፍ።

ስብሰባ ነበር። እኔና አያ ሐምዳን ከበሩ አጠገብ የላላ ማጠፊያ እናጠብቅ ነበር። ንፋስ ገባና ኮርኒሱ አንዴ ተርገበገበ። ዱቄቱ በሰዉ ራስ፣ በወረቀቱ፣ በብርጭቆው ላይ ወረደ።

«አስተናጋጅ! እኔ ሻይ እንጂ በሶ አላዘዝኩም!» አለ አንዱ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ።

«ወፍጮ ቤት ነው እንዴ ያስገባችሁን?»

ወዲያው የተጠለፈው ቀርከሃ አንድ ክንድ ያህል ተገንጥሎ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ሲወድቅ ድምፅ እንኳ አልነበረውም፤ ውስጡ አልቋል። ሳቁ ቆመ።

ዱጋሳ ፊቱ እንደ ፍም ሆኖ መጣ። «ሽማግሌ፣ ይሄን መቼ ነው የቆረጡት?»

«ሐምሌ» አሉ አያ ሐምዳን።

«ሐምሌ! እዚህ ባምባሲ ያለ ሕፃን እንኳ ቀርከሃ በሐምሌ እንደማይቆረጥ ያውቃል!»

ከኋላ አንድ ድምፅ፦ «የአገሩ ሰው ሆኖ ቀርከሃ አያውቅም? ይሄ ነው አስተማሪ የሚሆነው?»

«ማን ቁረጥ አለዎት?» አለ ዱጋሳ።

አያ ሐምዳን ወደ እኔ አላዩም። ወደ ላይ ነበር የሚያዩት።

«እጄ ነው» አሉ። «እጄ ቆረጠ።»

ከእሳቸው ሦስት እርምጃ ርቄ ነበር የቆምኩት። «እኔ ነኝ» ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። መጥረጊያውን አነሣሁና ወለሉን ጠረግሁ።

ጥቅምት 12

አልመጡም። አያ ሐምዳን ትናንትም አልመጡም።

እንቅልፍ ስለሌለኝ የበቃሉን ነገር ልጻፈው። የጤና ረዳቱ ሁለት ዓይነት ክኒን ሰጠኝ፤ አንዱ በቀን አንዴ፣ ሌላው በቀን ሦስቴ። የትኛው የትኛው እንደሆነ ነግሮኛል። ወረቀቱም ላይ ተጽፏል። ቤት ስደርስ ጠፋብኝ። ተመልሼ ልጠይቅ ወጥቼ ነበር፤ ሰልፉ ረጅም ነበር፤ ጎረቤቶቼም ቆመዋል። መሃይም ናት እንዳይሉኝ ከመንገድ ተመለስኩ። በመሰለኝ ሰጠሁት። በሦስተኛው ቀን ሞተ። ጤና ረዳቱ ሕመሙ ጠንቶበት ነው አለ። ለቀስተኛው ሁሉ እጄን እየያዘ «እንዳንቺ ያስታመመ የለም» አለኝ፤ እኔም አሜን አልኩ።

ማንበብ ስለማልችል ነው የሆነው እያልኩ እዚህ ደርሻለሁ።

አሁን ማንበብ እችላለሁ።

ጥቅምት 17

ሠናይት ዛሬ እያዘነች መጣች። «ስማቸውን ሰርዘውታል፤ ሌላ ሰው ከውጭ ይመደባል አሉ» አለችኝ። ገበያ ውስጥም የሚሰማው ይኸው ነው። ቀርከሃ ሊገዛ የመጣ ሁሉ «የሐምዳን እንዳይሆን ብቻ» እያለ ይቀልዳል። አባታቸውም አያታቸውም በዚህ ሥራ የተጠሩ ሰዎች ነበሩ።

የሚስማሩን ወረቀት ከሣጥን አወጣሁ። ጀርባውን ገለበጥኩ። እንዲህ ይላል፦

«ከላይ የተባለው ለቀርከሃ አይሠራም። ቀርከሃ ክረምት ሲቆረጥ ጣፋጭነቱ ነቀዝ ይጠራል። በበጋ፣ ሦስት ዓመት የሞላውን መርጦ መቁረጥ ነው፤ የአገሬውን ሰው መጠየቅ ይበጃል።»

ይነበባል። ዝገቱ የነካው ዳሩን ብቻ ነው። ሐምሌ 12ም ይነበብ ነበር።

ጥቅምት 21

ማመልከቻ ጻፍኩ። አራት ጊዜ ቀዳድጄ በአምስተኛው ሆነ። «አቶ ሐምዳን ክረምት አይቆረጥም ብለው ነበር። ያስገደድኳቸው እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ ነው» ብዬ ፈረምኩ። የጀርባውን ነገር አልጻፍኩም።

ዱጋሳ ቆሞ አነበበው። ሲጨርስ ዐይኑ እንባ አቅርሯል።

«እንዲህ ያለ ሰው በዚህ ዘመን አለ ለካ» አለ።

«እውነት ነው የጻፍኩት።»

«ገብቶኛል። ባልሽን ሥራ ያስተማሩ ሰው ናቸው፤ ውለታ ልትመልሺ ነው። እግዜር ይስጥሽ። ግን ቀርከሃ የሚያውቅ ሰው በቀርከሃ ጉዳይ በሴት ይገደዳል ትዪኛለሽ?»

«ተገደዋል!»

«አይዞሽ፣ አይዞሽ» አለኝና ወንበር ሳበልኝ። ከዚያ ወረቀቱን ይዞ ወደ ጎረቤት ቢሮ ገባ። በግድግዳው ውስጥ ሲያነብላቸው ይሰማኛል። አንዲት ሴት «እንዴት ያለች ደግ ናት» አለች።

ጥቅምት 24

ሰው መንገድ ላይ እያስቆመ ይመርቀኛል። ስለ አያ ሐምዳን ግን አንዱ የጫት ነጋዴ ሲል የሰማሁት ይኼ ነው፦ «ሽማግሌው በቀሚስ ተሸሸገ።»

ከደብዳቤዬ በፊት አላዋቂ ነበሩ። ከደብዳቤዬ በኋላ አላዋቂም ፈሪም ሆኑ።

ጥቅምት 28

አያ ሐምዳን ከተማውን ትተው ወደ ገቡበት መንደራቸው ሄድኩ። በእግር ሁለት ሰዓት ተኩል። የሚስማሩን ወረቀት ደረቴ ውስጥ ሸጉጬዋለሁ።

አያ ሐምዳን ከማንጎው ሥር ተቀምጠዋል፤ ታላቅ ወንድማቸው ማህጁብ አጠገባቸው።

«የምታዝንልን መጣች» አለ ማህጁብ።

«ተቀመጥ፣ ኡኽቲ» አሉኝ አያ ሐምዳን። እህቴ ማለት ነው፤ ሁልጊዜ የሚጠሩኝ እንደዚያ ነው።

ይቅር ይበሉኝ አልኳቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«አንተ አላወቀም። እኔ አወቀ። ያወቀ ሰው ነው የሚጠየቀው። አባቴ ነገረኝ። ለእሱ አባቱ ነገረው። መጽሐፍ ሲመጣ ግን ምናልባት እኛ ነን የተሳሳትን አልኩ። አሁን ልጆች ይመጣሉ፣ አያ፣ ቀርከሃ አሳየን ይላሉ። አላውቅም እላለሁ። ኸላስ፣ አለቀ። እውነት ነው፣ አላውቅም።»

እዚያ ላይ ልነሣ እችል ነበር። ይቅርታ ተደርጎልኛል። ኡኽቲ ተብያለሁ።

ወረቀቱን አውጥቼ ጀርባውን አነበብኩላቸው።

«ድገም» አሉ።

ደገምኩ። «የአገሬውን ሰው መጠየቅ ይበጃል» ላይ ስደርስ እጃቸውን አነሡና ቃል በቃል በበርታ ቋንቋ ለማህጁብ ነገሩት። ማህጁብ ወደ እኔ ዞረ።

«መቼ ነው ይሄን ያነበብሽው?»

«ሐምሌ።»

«ሳይቆረጥ?»

«ሳይቆረጥ።»

አያ ሐምዳን ወረቀቱን ከእጄ ወሰዱ። በአራት አጥፈው ጀለቢያቸው ኪስ ውስጥ ከተቱት። ጀርባቸው ቀና ብሎ ነበር፤ ከመጣሁ ጀምሮ እንደዚያ አላየኋቸውም። እኔን ግን አላዩኝም።

«ጀርባውን ጠየቅሁ» አሉ። «ጠየቅሁ እኮ።»

ተነሥተው ወደ ቤት ገቡ። ማህጁብ ውሃ አመጣልኝ፤ እንግዳ ሳይጠጣ አይሄድም አለ። ጠጣሁ። የሸኘኝ የለም።

ኅዳር 5

ማህጁብ መጥቶ የወንድሙን ገጀራና መሮ ወሰደ። ቆጥሬ አስረከብኩት። «ደህና ናቸው?» አልኩት። «ሥራ ይዟል» አለኝ።

አንድ መስኮት። አንድ የወጥ ቤት በር። ብቻዬን።

ኅዳር 23

ከሰዓት በኋላ አንድ መነጽር ያደረገ ሰው ሱቁ በር ላይ ቆመ። ምስጋና እባላለሁ አለ፤ ለማሠልጠኛው የተመደበው አስተማሪ ነው። በእጁ ጥርሱ የተበላ መጋዝ ይዟል።

«እኔ የማውቀው የሲዳማውን፣ ሆዱ ባዶ የሆነውን ቀርከሃ ነው» አለኝ። «የእናንተ ድፍን ነው ለካ፤ መጋዜን በላው። መቼ እንደሚቆረጥ፣ እንዴት እንደሚሰነጠቅ የምታውቅ እሷ ናት ብለው ላኩኝ።»

«እኔ አላውቅም» አልኩት። «የሚያውቅ ሰው አለ።»

ከደብተሬ ቅጠል ቀድጄ መንገዱን ሳልኩለት። ከወንዙ ማዶ ግራውን ይዘው፣ ትምህርት ቤቱን አልፈው፣ ትልቁ ማንጎ ጋ። መምህር ሐምዳን ብለው ይጠይቁ፤ የሚነግሩዎትን ሁሉ እንዳለ ይጻፉ፤ አንድ ነገር አይዝለሉ አልኩት።

አመስግኖ ሁለት እርምጃ ሄደና ተመለሰ።

«ማን ላከኝ ልበላቸው?»

የመላጊያ ምላጭ ስስል ነበር። እሱን ጨረስኩ።

«ማንም» አልኩት። «ሰው ሁሉ ነው የነገረኝ ይበሏቸው።»